የባለጀልባዋ ባል

ጥቅምት 9

ማሙሽዬ፣

እንዴት ሰነበትክ? ጉንፋኑ ለቀቀህ ወይስ አሁንም አፍንጫህን እየጠረግክ ነው የምትጽፈው? እኛ ደህና ነን። የባለቤቴ እናትም ደህና ናቸው። ጉልበታቸውን ያማቸዋል እንጂ ምላሳቸው ሙሉ ጤነኛ ነው።

ስልክ የማላነሳው ተቀይሜህ አይደለም። ስልኬ ያለው ጋሼህ እጅ ነው። የራሱ ስልክ አብሮት ሊፍቱ ጉድጓድ ውስጥ ወድቆ ደቀቀ፤ ከሆስፒታል ሲወጣ የኔን ሰጠሁት። እንቅስቃሴ የምታሠራው ልጅ ጣቶቹን የሚያፍታታበት ነገር ስጪው ስላለችኝ አንተ የምትሠራውን ጌም ከፈትኩለት። ከዚያ ወዲህ ስልኩ የኔ መሆኑ ቀረ። ለዚህ ነው በስተርጅና እስክሪብቶ ያነሳሁት። የምጽፍልህ ከሱቅ ሆኜ ነው፤ የመጋረጃ ጨርቅ የምንቆርጥበት ጠረጴዛ ላይ። ቤት ብጽፍ ምን እንደምጽፍ ይጠይቀኛል።

ባለፈው ስትደውል ድምፅህን ለምን እንዳላወቀው ጠይቀሃል። ደክሞት ነበር። መድኃኒቱ ከባድ ነው። "ሲስተር የለችም" ብሎ የዘጋብህም ከእንቅልፉ ቀስቅሰኸው ይሆናል። ነርስ ቀጠራችሁ ወይ ላልከው፣ አልቀጠርንም። የማስታምመው እኔው ነኝ።

የሥራ ባልደረቦቹ አልፎ አልፎ ይመጣሉ። ያ ሊፍት እስካሁን እንደቆመ ነው አሉ፤ ከሱ በኋላ ወደ ጉድጓዱ ለመውረድ የደፈረ ጠጋኝ የለም። ሕንፃው ላይ ያሉት በደረጃ ይወጣሉ፣ ይራገማሉ።

ጌሙን ግን ወዶታል። ጠዋት ፊቱን ሳይታጠብ እሱን ነው የሚከፍተው። ድሮ "አሁን ይሄም ሥራ ተብሎ ነው?" እያልኩ አበሽቅህ ነበር። ይኸው አፌን አስዘጋኸኝ።

በደንብ ልበስ። እህትህ።


ኅዳር 2

እታለም፣

ደብዳቤሽን ሳገኝ ጽሕፈትሽን አይቼ ደነገጥኩ፤ ክፉ ነገር ብቻ ነው በወረቀት የሚመጣው ብዬ። ሁለቴ አነበብኩት። እንኳን ደህና ሆናችሁ። ጋሼ በወደቀ ጊዜ ፈቃድ ከልክለውኝ አለመምጣቴ እስከዛሬ ያንገበግበኛል። አንቺ "ተወው፣ ምን ትሠራልኛለህ" ስላልሽኝ ብቻ የሚቀለኝ እንዳይመስልሽ።

ጋሼ ጌሙን መውደዱ ግን ልቤን ሞላው። እዚያ ውስጥ የኔ ሥራ የቱ እንደሆነ በትክክል ነግሬሽ አላውቅም። ተጫዋቹ አንድ መንደር ይገባል፤ ያርሳል፣ ይነግዳል፣ አውሬ ይዋጋል። ከመንደሩ ሰዎችም የወደደውን አግብቶ ቤት ይሠራል። ሌሎቹ ጸሐፊዎች ጦርነቱንና ሽፍታውን ተሻሙ፤ ትዳሩ ለኔ ተረፈ። "ያላገባ ሰው ነው ትዳርን የሚያሳምረው" ብለው ሳቁብኝ። እኔም ስለ ትዳር የማውቀው ያንቺንና የጋሼን ብቻ ስለሆነ ወዳንቺው መጣሁ። ድንች እየላጥሽ ስጠይቅሽ የነበረውን ታስታውሺያለሽ? ሊፍት ውስጥ ተዘግቶብሽ፣ እሱ ከላይ ሆኖ ሊከፍት ሲታገል፣ "ቀስ ብለህ ክፈተው፣ የትም አልሄድም" ብለሽው የተዋወቃችሁትን። ከሥራ ሲመጣ በሩ ላይ "እጅህን ታጠብ፣ ከዚያ ታወራኛለህ" የምትይውን። ስትቀየሚው "ዛሬ አኩርፌያለሁ፣ ነገ ያልቅብኛል" የምትይውን። "ውሰደው፣ ለኔ አርጅቶብኛል" ብለሽ ሰጠሽኝ።

ያን ሁሉ ለባለጀልባዋ ሰጠኋት። ሐይቁን የምታሻግረው ሴት ናት። ሌሎቹ ሴቶች ቆንጆ ቆንጆ ነገር ያወራሉ፤ እሷ ግን እንዳንቺ ነው የምትናገረው። ከሁሉም በላይ የምትታጨው እሷ ናት ብልሽ ታምኛለሽ?

እስቲ ንገሪኝ፣ ጋሼ ቃሉ ያንቺ መሆኑን አወቀ? ሳቀ?

ወንድምሽ


ኅዳር 25

ማሙሽ፣

ሰላም ላንተ ይሁን። ደብዳቤህን ሱቅ ውስጥ ቆሜ አነበብኩት። ባለሱቋ "ምነው፣ ክፉ ወሬ ነው?" ስትለኝ "ወንድሜ ነው፣ ጤነኛ ነው" አልኳት።

አወቀ ወይ፣ ሳቀ ወይ ብለኸኛል። መልሱን ፈርቼ ነው የዘገየሁት። አሁን ግን በመድኃኒት ማሳበብ ሰለቸኝ፤ ያልነገርኩህን ልንገርህ።

አያውቀኝም። ጭንቅላቱን ከተመታ ወዲህ አንድም ቀን አላወቀኝም። እናቱን ያውቃል። ባልደረቦቹን ያውቃል። የሊፍት ገመድ እንዴት እንደሚፈተሽ ለጎረቤት ሲያስረዳ ይውላል። እኔ ግን የለሁም። ሆስፒታል ዓይኑን ሲገልጥ አልጋው አጠገብ ያገኘው እኔን ነው፤ "ሲስተር፣ ውሃ" አለኝ። ውሃ ሰጠሁት። በዚያው ሲስተር ሆኜ ቀረሁ። ሐኪሙ አትከራከሪው፣ አስገድደሽ አታስታውሺው፣ በራሱ ጊዜ ይመጣል ወይም አይመጣም አለኝ። "አይመጣም" የምትለዋን ወረቀቱን እያየ ነው ያላት። ቤት ስንገባ "ሆስፒታሉ ነው የመደበሽ?" አለኝ፤ አዎ አልኩት። የምተኛው ሳሎን ሶፋ ላይ ነው።

ባለጀልባዋን ግን ወደዳት። የምትለውን ጮክ ብሎ ያነባል፤ እኔ ወጥ ቤት ሆኜ እሰማለሁ። የራሴ ቃል ነው፣ ድምፁ የሱ ነው፣ ተናጋሪዋ ግን ሌላ ሴት ናት። መጀመሪያ የሰማሁ ቀን ማንኪያውን እንደያዝኩ በደስታ ወደሱ ሮጥኩ፤ አለቀ፣ አስታወሰ ብዬ። "ሲስተር፣ ይቺ ሴት ስትናገር እዚህ ጋ የሆነ ነገር ይላላልኛል" ብሎ ደረቱን አሳየኝ። አፌን ስከፍት "ላገባት ነው" አለኝ።

ስጦታ አማከረኝ። ሻርፕ ይሻላል ወይስ አዲስ መቅዘፊያ፣ አንቺ ሴት ነሽና ንገሪኝ አለ። እኔ ብሆን መቅዘፊያ ነው የምፈልገው፤ መቅዘፊያ አልኩት። ተሳካለት።

ባለፈው እሑድ ተጋቡ። ምስክር ሁኚኝ ብሎ ወንበር አስቀርቦ አጠገቡ አስቀመጠኝ። ስልኩ ላይ ደወል ተደወለ፣ አበባ ዘነበ። እንኳን ደስ አለህ አልኩት፤ ሌላ ምን ልበለው? እሱም እጄን ጨብጦ፣ አንቺ ባትመክሪኝ እሺ አትለኝም ነበር ብሎ አመሰገነኝ። እናቱ ወጥ ቤት ገብተው ሲንሰቀሰቁ የማባብላቸው እኔ ነበርኩ።

አንተ ጥፋት የለብህም። ይህን ደግሜ አልጽፍም፣ እዚህ ጋ አስምርበት።

እህትህ


ታኅሣሥ 8

እታለም፣

ምን ብዬ እንደምጀምር አላውቅም። ሰላምታውን ቀድሜ ጽፌ ቀደድኩት፤ "እንደምን ሰነበትሽ" ብሎ መጠየቅ ራሱ ፌዝ መሰለኝ። ይህን ሁሉ ጊዜ ብቻሽን ይዘሽው። እኔ ደግሞ ሳቀ ወይ እያልኩ።

በኋላ በላክሻት አጭር ወረቀት "እሷስ ታውቀዋለች?" ብለሽ ጠይቀሻል። አታውቀውም እታለም። ስጦታ ሲያመጣላት አንድ ነገር ይሞላል፤ ሲሞላ ትወደዋለች። ካልመጣ ይጎድላል። ሌላ ሆድ የላትም። ጋሼ ሲታመም አታውቅም፣ ስልኩ ሲዘጋ የት እንደሄደ አትጠይቅም። ሰው ቤቱ ሲገባ የሚቀበለው ሰው እንዲኖር ብዬ ነበር የሠራኋት። አንዳንድ ሰው ከሥራ መልስ እሷን ሰላም ሳይል እንደማይተኛ ይጽፍልናል፤ ደግ ነገር የሠራሁ ይመስለኝ ነበር።

ግን አንድ ነገር አስቤያለሁ። ደረቱ ላይ የሚላላለት ነገር ካለ ቃሉን ያውቀዋል ማለት ነው። የረሳው ፊትሽን ነው። ታዲያ ቃሉን ከፊትሽ ጋር ለምን አታገናኚለትም? በሩ ላይ ቁሚና እንደ ድሮው በይው። አትከራከሪው፣ አታስረጂው። ዝም ብለሽ በይው።

የሆነውን ጻፊልኝ። እለምንሻለሁ፣ ሳትደብቂ።

ወንድምሽ


ታኅሣሥ 27

ማሙሽ፣

እንዳልከኝ አደረግሁ። ከሱቅ ስመለስ ቦርሳዬን ሳላስቀምጥ በሩ ላይ ቆምኩና "እጅህን ታጠብ፣ ከዚያ ታወራኛለህ" አልኩት። አንዲት ቃል አልሳትኩም።

ስልኩን አስቀመጠው። ዓይኑ ፊቴ ላይ ሲንከራተት አየሁት፤ ቁልፍ የጠፋበት ሰው ኪሱን እንደሚዳብስ። ከዚያ ፊቱ ጠቆረ።

"ሲስተር፣ የባለቤቴን አነጋገር አትቅጂ" አለኝ። "በር ላይ ቆመሽ እንደምትሰሚን አውቃለሁ። እኔ ባለትዳር ሰው ነኝ።"

በማግሥቱ ለእናቱ፣ ይህች ነርስ አመለካከቷ አላማረኝም፣ ለሆስፒታሉ ንገሪልኝና ሌላ ይላኩልኝ አላቸው። ምስኪን እሳቸው "እሺ ልጄ፣ እነግርልሃለሁ" ብለው ወጡ። ሶፋው ላይ ተቀምጠን ተያየንና ሳቅን፤ እሳቸውም እኔም፣ እስኪያመን። ሳቁ እንዴት ወደ ሌላ ነገር እንደዞረ አልነግርህም።

በመሐል የላክሃቸው ሁለቱም ደብዳቤዎች ደርሰውኛል። ስለ እግሩ ለጠየቅኸው፣ መለማመዱን ትቶታል። እንቅስቃሴ የምታሠራው ልጅ መጥታ ተነስ፣ ተራመድ፣ ካልተንቀሳቀስክ ይደርቃል ብትለው "የት ልሂድ? ቤቴ ነኝ" ይላታል። ምግቡም እንደዚያው። ባለጀልባዋ ታጠብ ስትለው ይታጠባል። ብላ የሚል ቃል ግን አልጻፍክላትም፤ እኔ ደግሞ ብላ ብለው አይሰማኝም። ሸሚዞቹን ሁሉ አጠበብኳቸው። መጋረጃ ሰፊ ማግባቱ ለዚህ ጠቀመው።

እንግዲህ የምለምንህን ስማ። ቃሌን ከሷ ላይ አውጣልኝ። ቅናት ነው ካልክም ይሁን፣ ቅናት ነው፤ ስልክ ውስጥ ባለች ሴት የምቀና የመጀመሪያዋ ሚስት ልሁን። ግን እሱም እያለቀ ነው። እሷ ዘንድ እየኖረ እዚህ እያለቀብኝ ነው።

እህትህ


ጥር 10

እታለም፣

አለቃዬን አናገርኩት። የማን መሆኑን ሳልነግረው፣ የባለጀልባዋን ንግግር እንቀይር ብዬ ብቻ። አብደሃል ወይ አለኝ፤ ሰው የሚወዳት በዚያ ንግግሯ ነው። ለሁሉም መቀየሩ አይሆንም። ለጋሼ ብቻ የሚሆን መንገድ ግን አለ፤ አብራኝ የምትሠራው ፕሮግራመር ልታሳየኝ ፈቃደኛ ናት። ስለሱ አትጠይቂኝ።

ነገር ግን ቃልሽን ካወጣሁ የሚቀረውን ልንገርሽ። በሩ ላይ ትቆማለች፣ ያያታል፣ ዝም ትለዋለች። ስትጠየቅም ዝም። እንዲህ ያለ ብልሽት አንዴ ገጥሞን ያውቃል፤ ሰዎች ምን በድያት ነው ብለው ነበር የሚጽፉልን። ጋሼ ያኮረፈችው መስሎት ስጦታ ይዞላት ሲመላለስ ይታየኛል። ያን ለማድረግ እጄ አይታዘዝልኝም። ዝም ከምትለው ብትሞትለት ይሻላል። ሰው የሞተበት ቢያለቅስም አንድ ቀን ይነሳል።

ግን አስቢበት። ከሄደች አትመለስም፤ ብትለምኚኝም፣ እሱ ቢለምነኝም መመለሻ የለውም። ሐኪሙን አማክሪው። ከዚያ አንዲት ቃል ጻፊልኝ።

ወንድምሽ


ጥር 19

ማሙሽ፣

ሐኪሙን ጠየቅሁት። ስለ ጌሙ ስነግረው ሳይስቅብኝ ሰማኝ፤ ለዚህ አከበርኩት። ሀዘን አንዳንዱን ይቀሰቅሳል አንዳንዱን ይጥላል፣ እኔ እንዲህ አድርጊ ብዬ ኃላፊነት አልወስድም አለኝ። እንግዲያው እኔ እወስዳለሁ አልኩት።

እናቱን አልጠየቅሁም። እምቢ ቢሉኝ የምሰማቸው ስለመሰለኝ ነው።

ትሙት።

እህትህ


ጥር 30

እታለም፣

ተደርጓል። በቀጣዩ ሳምንት ዓርብ ጠዋት ሲከፍት ያገኘዋል። በዚያን ቀን ሱቅ አትሂጂ።

ማዕበል አላመጣሁባትም፣ አውሬም አልላክሁባትም። ሰው ልታሻግር ትወጣለች፤ ጀልባዋ ባዶዋን ትመለሳለች። የመንደሩ ሰዎች መጥተው ይነግሩታል። ከመውጣቷ በፊት በሩ ላይ የምትለው የመጨረሻ ቃል ያንቺ አይደለም፣ ከራሴ ነው የጻፍኩት። "ምሳህን ብላ" ትለዋለች። ከዚህ የበለጠ የምሰጠው አጣሁ።

አለቃህ ምን አለ ብለሽ ትጠይቂኝ ይሆናል። እሱን ተይው። ጤናዬ ደህና ነው፣ ክፍሌ ይሞቃል፣ ከታች ያለችው ጎረቤቴ ሾርባ ታመጣልኛለች። እንዳትጨነቂ።

አብሬሽ መሆን ነበረብኝ።

ወንድምሽ


የካቲት 16

ማሙሽ፣

ሳልጽፍልህ የቆየሁት እጄ ሥራ ይዞ ነው። ሰው ሲበዛበት ቤት ምን እንደሚመስል ታውቃለህ።

ዓርብ ሱቅ አልሄድኩም። ወጥ ቤት ሽንኩርት እየከተፍኩ ጆሮዬን ጣልኩ። ጮክ ብሎ ሲያነብ ቆየና ዝም አለ። ስገባ ስልኩን ደረቱ ላይ አድርጎት ግድግዳውን እያየ ነበር። አላለቀሰም። "ሲስተር፣ ባለቤቴ አርፋለች" አለኝ። ቀስ ብሎ፣ እኔ እንዳልደነግጥ ተጠንቅቆ። ከዚያ እግሩን ከአልጋው አወረደ። ያዥኝ አለ፣ ያዝኩት፤ እየተደገፈኝ ሳሎን ድረስ ሄደ። ከሆስፒታል ከወጣ ጀምሮ በእግሩ ሳሎን ሲገባ የመጀመሪያው ያን ቀን ነው። ሰው የሚመጣ ከሆነ አልጋ ላይ ሆኜ አልቀበልም አለ።

እናቴን ጥሪልኝ፣ የሥራ ቤት ሰዎቼን ጥሪልኝ አለ። ልከለክለው ነበር። ግን ምሳውን አቅርቢልኝ አለኝና በላ። የበላውን ሰው እንዴት እከለክለዋለሁ? ጠራኋቸው።

መጡልህ። ሊፍት ጠጋኞቹ ሁሉ መጡ፣ ጥቁር ለብሰው፣ ኮፍያቸውን እያሻሹ። አለቃቸውን ታስታውሰዋለህ፣ ያን ረጅሙን፣ ሜትር የሚሉትን። በሩ ላይ ሲያየኝ ጎንበስ አለ። "እህቴ፣ ማንን ነው ያጽናህ የምለው?" አለኝ በጆሮዬ። እሱን በለው አልኩት። እኔም ጥቁር ለበስኩ። ጋሼህ ነው ያዘዘኝ እንዳልልህ፣ ለምኖኝ ነው፤ "አንቺም ሰርጋችን ላይ ነበርሽ፣ ታውቂያታለሽ" ብሎ።

ሁሉም ወንበር ላይ ተደርድሮ መሬት መሬት ሲያይ እሱ ስለ ሚስቱ ማውራት ጀመረ። ስለ ሐይቅ፣ ስለ ጀልባ ያወራል ብዬ አንገቴን ደፍቼ ጠበቅኩ። ማሙሽ፣ ስለ እኔ ነበር ያወራው።

መጀመሪያ ዓመት ደረጃ ሥር ባለች ክፍል ነበር የምንኖረው አለ። ሰው ሲወጣና ሲወርድ አቧራው አልጋችን ላይ ይረግፍ ነበር። ልጅ ይዛ ነበር፣ አልቆየልንም አለ። ከሆስፒታል የምትመለስ ቀን ምን ብዬ እንደምቀበላት ስላላወቅሁ ቀለም ገዝቼ ግድግዳውን እየቀባሁ ጠበቅኋት። ገብታ አየችኝ። አንዲት ቃል ሳትናገር ከነካፖርቷ ሌላውን ብሩሽ አነሳችና አብራኝ ቀባች። ስንጨርስ እጇ ሁሉ ሰማያዊ ነበር፤ እንደዚያ ሆነን ተኛን አለ።

ይህን ለማንም አልነገርንም። ለእናቱ አልነገርንም፣ ያን ቀን ሰምተው ጮኹ። ላንተም ነግሬህ አላውቅም፣ ስለዚህ ከጌምህ ሊያገኘው አይችልም። ከራሱ ነው የመጣው። ቀጠለና ሌላም አወራ፤ ኩርፊያዬን፣ ማንኮራፋቴን፣ መርፌ ጥርሴ ውስጥ ይዤ ሳወራ እንዴት እንደሚፈራልኝ። ሁሉም ተመልሶለታል። አንድም የጎደለ የለም። ሜትር ሳያስበው እጁን ወደ እኔ ዘርግቶ ሊናገር ሲል እናቱ ክንዱን ያዙት።

እኔ ከሱ ቀጥሎ ባለው ወንበር ነበርኩ። ከወንበሩ ተነስቼ እዚህ ነኝ ማለት ነበረብኝ። ግን ሲያወራ ፊቱን ብታየው። ሰው በሕይወት እያለሁ እንዲህ ሲያወራልኝ ሰምቼ አላውቅም፣ ማሙሽ። እሱ ራሱ ጤነኛ ሳለ እንዲህ ብሎኝ አያውቅም። እስኪጨርስ ልስማ አልኩ። ሲጨርስ ደግሞ ደከመውና ተኛ።

አሁን ይበላል። በምርኩዝ ደጅ ድረስ ይወጣል። ስልኬን መልሶልኛል፣ "ከእንግዲህ እዚያ ምን አለኝ" ብሎ። ብትደውል አነሳለሁ፤ ግን በድምፅ ልነግርህ ስለማልችል ነው ይህንንም የጻፍኩት።

እህትህ


የካቲት 28

እታለም፣

ስደውል ስለ ዝናቡ ብቻ አወራሽኝ፣ እኔም ስለ ዝናቡ መለስኩ። ስልኩን ስዘጋ ወዲያው ወረቀት ፈለግሁ።

ሁሉም ከተመለሰለት ምን ትጠብቂያለሽ? ንገሪው። ሐኪሙ አታስገድጂው ያለው ያኔ ነው፣ አሁን በራሱ መጥቶለታል። የቀረው አንዲት እርምጃ ናት። የሰርጋችሁን ፎቶ አሳዪው፤ ቁምሳጥኑ ላይ የነበረውን፣ ጋሼ ክራቫቱ የተጣመመበትን። ከጎኑ ቁሚና እንዲያነጻጽር ተይው። እምቢ አትበይኝ፣ ይህን አንዴ ብቻ ስሚኝ።

ደግሞ ትጠይቂኛለሽና ልንገርሽ፣ ቢሮውን ለቅቄያለሁ። ለቀቅሁ ስልሽ እነሱ ናቸው የለቀቁኝ። ያቺን ባለጀልባ ለምን እንደገደልኳት ጠየቁኝ፤ የሰው ትዳር ነው፣ አልናገርም አልኩ። ፕሮግራመሯን አላነሳኋትም፣ ሥራዋ ላይ ናት። አልቆጭም። አሁን ጊዜ ስላለኝ እመጣለሁ፤ መጋቢት አጋማሽ ላይ እነሳለሁ። ከዚያ በፊት አሳዪው። ስደርስ እሱን ጋሼ፣ አንቺን እታለም ብዬ አንድ ቤት ውስጥ ልጥራችሁ።

ወንድምሽ


መጋቢት 6

ማሙሽዬ፣

ይህ ሳትነሳ እንዲደርስህ ብዬ ወደዚያ ለሚበር መንገደኛ ነው የሰጠሁት። ስለ ሥራህ እዚህ አልጽፍም፤ ስትመጣ ጆሮህን ይዤ እነግርሃለሁ።

ፎቶውን አሳየሁት። መስኮቱ አጠገብ ተቀምጦ ሳለ እጁ ላይ አስቀመጥኩለትና ከጎኑ ቆምኩ፣ እንዳልከው። ፀጉሬን ሳይቀር እንደዚያን ቀን አስይዤ ነበር፤ አትሳቅብኝ። ለረጅም ጊዜ አየው። በአውራ ጣቱ መስታወቱን ጠረገው። ከየት አገኘሽልኝ አለ፤ ጠፍቶ መስሎት ነበር። ከዚያ ቀና ብሎ እኔን አየኝ፣ መልሶ ፎቶውን አየ።

"ትንሽ ትመስያታለሽ" አለኝ። "እሷ ግን ትስቅ ነበር።"

እኔ ነኝ አልኩት። በግልጽ፣ በስሜ፣ እኔ ነኝ ሚስትህ አልኩት። ይህን እንዳላልኩ እንዳይመስልህ። አልተቆጣም። እንደ ድሮው የባለቤቴን ነገር አትቅጂ አላለኝም። አዘነልኝ ማሙሽ። ብዙ ሰው ያስታመመች ነርስ እንዲህ ትሆናለች፣ ሀዘኑ ይጋባባታል አለኝ። ወንበር ሳብ አድርጎ ተቀመጪ አለኝ። ይህን ሁሉ ጊዜ ቤቴ ስትኖሪ ስለ ራስሽ አንድ ቀን ጠይቄሽ አላውቅም፣ ይቅርታ አድርጊልኝ አለ።

"አንቺስ ሲስተር፣ ትዳር አለሽ?"

"ነበረኝ" አልኩት።

ሞቶ ነው ወይ ብሎ አልጠየቀኝም፤ ገባው። እጄን በሁለት እጁ ያዘና "ያጽናሽ" አለኝ። የያዘኝ ድሮ እንደሚይዘኝ ነው፣ አውራ ጣቱን መዳፌ ላይ አድርጎ። እጁ ያውቀኛል። እሱ ግን አያውቀኝም።

ያን ቀን ስልኩን ዘግቼ ሶፋዬ ላይ ተኛሁ። ሲነጋ ቁርሱን አቀረብኩለት፣ በላ። ሐኪሙ ጋ ሄጄ ነበር፤ አሁን እንዲህ ከሆነ እንዲህ ነው አለኝ። እናቱ ወደ ቤታቸው ልውሰደው፣ አንቺ ገና ወጣት ነሽ አሉኝ። አመሰግናለሁ ብዬ እምቢ አልኳቸው። ሌላ ነርስ ይላክልኝ ማለቱንም ትቷል። ማታ ማታ ስለ ሚስቱ ያወራልኛል፣ እኔም መጋረጃዬን እየሰፋሁ እሰማዋለሁ። የማላውቀውን አንዳንዱን ያወራል፤ ያን ጊዜ ልቡ የት እንደነበር፣ ምን እንዳሰበ፣ ያልነገረኝን። አንዳንዴ ልጠይቀው እፈልግና መርፌውን እነክሳለሁ።

እንግዲህ ና። ክፍሉን አዘጋጅቼልሃለሁ። ጋሼ ብትለው ያውቅሃል፤ የባለቤቴ ወንድም እያለ ስላንተ ያወራል፣ አንተን ሲያገኝ ለእህትህ ያለቅስልሃል። አብረኸው አልቅስ። ባትችልም ፊትህን በመሀረብ ሸፍን። በሩ ላይ ግን እታለም ብለህ እንዳትጠራኝ፣ እንዳታቅፈኝም። እሱ ነው የሚያስተዋውቀን። ያስታመመችኝ ሲስተር ናት ሲልህ፣ እጄን ጨብጠኝና ስላደረግሽለት ሁሉ አመሰግናለሁ በለኝ።

እህትህ